ኮምፒውተሩ የማያውቀው ጳጉሜን ስድስት

ልጅቷ የተወለደችው ጳጉሜን ስድስት ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉረመርም የቆየው ሰማይ ሊጥል ሲል እናትየዋ ምጥ ያዛት፤ ዝናቡ አባርቶ ቆርቆሮው መንጠባጠብ ሲጀምር ልጅቷ አለቀሰች። እናትየዋ የወሎ ሰው ናት። ባሏ ኮኪት አካባቢ ሰሊጥ ሊያርም ሲወርድ አብራው ወርዳ ነበር። ያን ዋልካ ጭቃ በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭና፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ነው ያቋረጠችው። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ መተማ፣ የሱዳን ድንበር አጠገብ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። እንዲህ ያለ መንገድ ተጉዛ እንዲህ በሰላም የወለደች እናት ሳይ ያን ቀን ሙሉ ደስ ይለኛል።

ልጅቷን መዝኜ፣ አልብሼ፣ እናቷ ደረት ላይ ካስቀመጥኳት በኋላ ጥግ ላይ ካለችው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። በዚያ ዓመት የእናቶችና የሕፃናት መመዝገቢያ ፕሮግራም ተጭኖልን ነበር፤ ሥራ አቅልሎልን ስለነበር እወደው ነበር። የልደት ቀን ከሚለው ላይ ዓመቱን መረጥኩ፤ ወሩን ጳጉሜን አልኩ፤ ቀኑን ልመርጥ ስል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብሎ አበቃ። ስድስት የለም። ቀና ብዬ ከላይ ያለውን የዕለቱን ቀን ሳይ "መስከረም 1" ይላል። ኮምፒውተሩ እኛን ጥሎ አዲሱ ዓመት ውስጥ ገብቷል።

እናትየዋን አየኋት። "ኮምፒውተሩ ስድስትን አልቀበልም ብሎኛል፤ ለጊዜው መስከረም አንድ ልበለው እንዴ?" አልኳት።

"ኧረ ምነው እህቴዋ!" አለች፣ ከተኛችበት በክርኗ ብድግ ብላ። "እንቁጣጣሽ ነገ አይደል? ልጄን በገዛ ዓመቷ ጻፊልኝ። የሉቃስ ልጅ ናት፤ ምን አግኝታ ነው ወደ ዮሐንስ የምትሻገረው?"

ድምፅዋ አሁን የወለደች ሴት ድምፅ አይመስልም ነበር። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩን። ከእነሱ አንዷ ኡስታዛ ነበረች።

ኡስታዛ በአረብኛ መምህርት ማለት ነው፤ ሁላችንም የምንጠራት እንዲያ ነበር። አምሳን ሳታልፍ አትቀርም። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲበረታ አሮጊት እናቷን ይዛ በገላባት በኩል ድልድዩን ተሻግራ ከመጣች ወራት ሆኗታል። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር፤ እናቷ ስኳር ስላለባቸው በየሳምንቱ ለምርመራ ታመጣቸዋለች። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታስተምር እንደነበር ሰምቻለሁ እንጂ ስለ ሥራዋ አውርተን አናውቅም። መተማ ያደገ ሰው የገበያ አረብኛ አያጣውም፤ እኔም ከእሷ ጋር የምግባባው በዚያ ነው። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አንቱ እላት ነበር። በእኛ አረብኛ ግን አንቱታ ስለሌለ፣ አንቺ እያልኳት እንደ እኩያ ለመድኳት።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ሴትዮዋ ለምን ተቆጣች?" አለችኝ።

እንደ ምንም ብዬ አስረዳኋት። የእኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር እንዳለው፣ የመጨረሻዋ ወር አምስት ቀን ብቻ እንደሆነች፣ በአራት ዓመት አንዴ ግን ስድስት እንደምትሆን፣ ዛሬ ያቺ ስድስተኛዋ ቀን እንደሆነች፣ ኮምፒውተሩ ግን እንደማያውቃት ነገርኳት።

የእናቷን እጅ ለቀቀች። "አሳዪኝ" አለች።

ቀኑን መምረጫውን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀሰች። ከዚያ የሚመጣውን ዓመት እንድመርጥ አዘዘችኝና ጳጉሜንን ከፈትን። እዚያ ስድስት አለ! በማይገባው ዓመት ተቀምጧል። ከንፈሯን በጣቷ እየመታች ቆየች፤ ቀጥሎ እኔ ነክቼው የማላውቀውን "ስለ ፕሮግራሙ" የሚል ቦታ ከፈተች። ደቃቅ ጽሑፍ መጣ። እሷ ግን ያንን ደቃቅ ጽሑፍ የዘመድ ደብዳቤ እንደመጣለት ሰው ነበር የምታነበው።

"ይሄ ክፍት ነው" አለችኝ። "ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ሊያየው ይችላል። የቀን መቁጠሪያው ደግሞ የእነሱ ሥራ አይደለም፤ ከሌሎች ሰዎች የተወሰደ ቁራጭ ነው። ያን ቁራጭ አውቀዋለሁ፤ ላፕቶፔ ውስጥ አለ።"

አልገባኝም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነገር የሚከፈትና የሚዘጋ አይመስለኝም ነበር። እንዳልገባኝ ስታይ፣ በግቢው በር በኩል የቆመውን ትራክተር አሳየችኝ፤ እናትየዋን ያመጣት ነው።

"ይሄ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?"

"ኮኪት ያለ ማንኛውም መካኒክ።"

"ኮፈኑ ተበይዶ ቢመጣስ? ከሸጠው ኩባንያ ሰው በቀር ማንም እንዳይከፍተው ቢደረግስ?"

"ክረምቱን እርሻ ላይ ቆሞ ይቀራላ።"

"ፕሮግራምም እንዲያ ነው። አብዛኛው ተበይዶ ነው የሚሸጠው። ይሄ ግን ኮፈኑ ክፍት ነው፤ የሚከፍተው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።"

በዚህ መሀል እናቷ የስኳር መለኪያው ተራ ደርሷቸው ስማቸው ሲጠራ እሷ አልሰማችም። እኔ ነኝ ደግፌ ያስገባኋቸው።

ማታውኑ ልትሠራው ትችል ነበር፤ ግን አንድ ነገር አላወቀችም። ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በየትኛው ዓመት እንደሆነ በቁጥር የሚነግራት ሰው ትፈልግ ነበር። እኔ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዘመነ ሉቃስ እንዴት ተቆጥሮ እንደሚገኝ ግን አላውቅም። የማውቀው ሰው ቤታችን ውስጥ አለ። አባቴ በልጅነታቸው ደጋ እያሉ ድቁና ተምረው፣ ባሕረ ሐሳብ ቀጽለው፣ ኋላ መሬት ፍለጋ ቆላ ወርደው ገበሬ ሆነው የቀሩ ሰው ናቸው። በነጋታው እንቁጣጣሽ ነበርና ኡስታዛን ከእናቷ ጋር ቤታችን ጠራኋቸው።

አባቴ እንግዶቹን ቆመው ተቀበሉ። ምሳ ከተበላ በኋላ ኡስታዛ ላፕቶፕዋን ከጨርቅ ከረጢቷ አወጣች። ካርቱምን ለቃ ስትወጣ ከልብሷ ጋር ጠቅልላ ያወጣችው ነው። አንዱ ጠርዙ ተሰንጥቋል። ጥያቄዋን በአረብኛ ጠየቀች፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት።

"ይህማ ቀላል ነው" አሉ አባቴ። "ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያለውን ዓመት ትይዢያለሽ። አምስት ሺህ አምስት መቶ ከጌታ ልደት በፊት ያለው ነው፤ በዚያ ላይ የእኛን ዓመት ትደምሪያለሽ። ከዚያ በአራት በአራት እያካፈልሽ ትገድፊዋለሽ። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፤ ምንም ሲያጣ ዮሐንስ።"

ስተረጉም ተንተባተብኩ። አባቴ አዩኝና ተነሥተው ከጓዳ አንድ እፍኝ ማሽላ ይዘው መጡ። ሰፌድ ላይ አፈሰሱት። "ሁለት ሺሁን ተዪው፤ ለአራት እኩል ይካፈላል። ትናንት ያለፈው ዓመት አሥራ አምስት ነው" ብለው አሥራ አምስት ፍሬ ለዩ። በአራት በአራት አድርገው ሲደረድሩት ሦስት ክምር ሆነና ሦስት ፍሬ ብቻውን ቀረ። ጣታቸውን በሦስቱ ላይ አድርገው "ሉቃስ" አሉ።

ይህን ማስተርጎም አላስፈለገም። ኡስታዛ ሰፌዱ ላይ ተደፍታ አየች፤ አምስት ሺህ አምስት መቶውም ለአራት እኩል እንደሚካፈል በልቧ አስልታ ስታበቃ ሳቀች። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። በማላውቀው ጽሑፍ የተሞላ ገጽ ነው። በጣቷ አንድ መስመር አሳየችኝ።

"ይኸውልሽ። ይህን የጻፈው ሰው ቅን ሰው ነው፤ ለማያውቀው አገር ቀን መቁጠሪያ የሠራ። የራሱን አገር ደንብ ግን አምጥቶ እዚህ አስቀመጠው። ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ምንም ካልተረፈው ትርፍ ቀን ይጨመር ይላል። እናንተ ጋ ደግሞ ሦስት ሲተርፍ ነው። አንድ ዓመት አዘገየው። ስለዚህ ትናንትን በልቷታል፤ ካሁን ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቀን እየቀደመ ይሄዳል ማለት ነው።"

ያኔ ነው የደነገጥኩት። እኛ ጋ ክትባት የሚከፈተው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የማክሰኞውን ቀን በአንድ አሳልፎ ከጻፈው እናትየዋ የምትመጣው ረቡዕ ነው፤ ከዚያ ሁሉ እርሻ መሀል ልጅ አዝላ በእግሯ ደርሳ "ትናንት ነበር" ልትባል ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ደግሞ የእኛ ጣቢያ ላይ ብቻ አይደለም የተጫነው።

አባቴ ግን ሌላ ነገር ነው የገረማቸው። "እኔ የተማርኩት ይህ ቁጥር እዚያ ሳጥን ውስጥ ሊገባ ነው?" አሉ።

"ሊገባ ነው" አልኳቸው። ኡስታዛ ደግሞ "ስማቸውን ንገሪኝ፤ ካስተካከልኩት መስመር ጎን እጽፈዋለሁ" አለችኝ። ይህን ለአባቴ ነገርኳቸው።

አባቴ እጃቸውን አወናጨፉ። "ኧረ የምን የእኔ ስም! እኔ ያገኘሁት ከየኔታ ነው፤ የኔታም ከመምህራቸው። ማን መጀመሪያ እንዳሰላው ማን ያውቃል? እንዲያው ዝም ብላ ትጻፈው።"

ይህን ለኡስታዛ ተረጎምኩላት። "እኛም እንዲሁ ነን በያቸው" አለችኝ። ከዚያ የነገረችንን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ አባቴ እንደ ስብከት ነው የሰሙት።

ኮምፒውተር አንድ ትልቅ አዳራሽ የሚሞላ ማሽን በነበረበት ዘመን፣ ሽቦ እየነቀሉና እየሰኩ ማሽኑ እንዲያሰላ ያደረጉ ሴቶች ነበሩ አለች። ከማሽኑ ጋር የተነሡትን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ለጌጥ የቆሙ ይመስለው ነበር፤ ሥራው የእነሱ መሆኑ የታወቀው ካረጁ በኋላ ነው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ የጻፉትን ቆልፈው ሊበለጽጉበት ሲችሉ ክፍት አድርገው ሰጡ። ውሰድ፣ ውስጡን እይ፣ የጎደለውን አርም፣ ለሌላውም አካፍል፤ አንተ እንዳገኘኸው ሌላውም ያግኘው አሉ። ይህን ብለው በሕግ ቋንቋ ጻፉት፤ ማንም ተነሥቶ የብቻዬ ነው እንዳይል።

"እኔ ተማሪ ሳለሁ ለእኛ አገር ፕሮግራም የሚሸጥ ኩባንያ አልነበረም" አለች። "አገራችን ማዕቀብ ስለነበረባት ብንከፍልም አይሸጡልንም ነበር። መጽሐፍም የለም። እነዚያ ሰዎች ክፍት የተዉትን ኮድ ነው መጽሐፍ ያደረግሁት። ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባኝ እጽፈዋለሁ፤ አንድ ቀን ይገባኛል። በአካል አንዳቸውንም አላየሁም። መምህሮቼ ናቸው።"

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸዋል። እሳቸውም ሳይገባቸው በቃላቸው የያዙት ብዙ ነገር አለ።

"እንዲያው በነጻ?" አሉ። "የሚጠቀምበት ማን ነው?"

ኡስታዛ ከእኔ እጅ ስልኬን ወሰደችና ከፍ አደረገችው። "ሁሉም። የዓለም ትልልቆቹ ኩባንያዎች። ይህ ስልክ የቆመበት መሠረት እንዲህ ባሉ ሰዎች የተጻፈ ነው። መልእክት ስትልኪ፣ ካርታ ስትከፍቺ፣ ባንክሽን ስታዪ፣ በመሀል የሚሠራው ብዙው ነገር ክፍት የተሰጠ ሥራ ነው። ኩባንያዎቹ ወስደው በላዩ ላይ ቤታቸውን ሠሩ።"

"ይመልሳሉ?"

"አንዳንዶቹ አዎን። ደመወዝ የሚከፍሏቸውን ሰዎች መድበው ያጽፋሉ፤ የጻፉትንም ክፍት አድርገው ይመልሳሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ከእነሱ ብዙ ተምሬያለሁ። አንዳንዶቹ ደግሞ ወስደው ዝም ነው። የሚጽፉልሽ ሲበላሽባቸው ብቻ ነው።"

እሷም እንዲህ ገጥሟት ያውቃል። የአረብኛ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ በትክክል እንዲሰለፍ የምታደርግ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ለዓመታት ስትጠብቅ ኖራለች፤ ከማስተማር ስትመለስ፣ መብራት ሲኖር። አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ሰው ጻፈላት። ሰላምታ የለውም። ስህተት አግኝተናል፤ ሥራችን ቆሟል፤ መቼ ትጨርሺያለሽ ይላል። ያ ሁሉ ሠራተኛ ያለው ድርጅት፣ ካርቱም ውስጥ በጀነሬተር ለምትሠራ አንዲት ሴት። "ላፕቶፑን ዘጋሁት" አለች። "ብዙ ጊዜ ሳልከፍተው ቆየሁ። እናቴ ናት በመጨረሻ ምን ሆነሽ ነው ያለችኝ።"

"ታዲያ ለምን ተመለስሽ?" አልኳት፣ ከአባቴ ቀድሜ።

"ያቺኑ ስህተት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህርም ጽፎልኝ ስለነበር። የልጆቹ ስም ተገልብጦ እየወጣ ነው፤ ልጆቹ እየሳቁ ነው ብሎ። ለእሱ ብዬ ሠራሁት። ኩባንያውም አብሮ ተጠቀመ። ምን ላድርገው? ዝናብ ሲዘንብ የባለ ትራክተሩንም የባለ በሬውንም እርሻ አይደል የሚያጠጣው።"

አባቴ ይህን በጣም ወደዱት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ "ያቺ የዝናቧ ሴትዮ" እያሉ ነበር የሚያነሷት።

ኡስታዛ መስመሩን እዚያው አስተካከለችው። እውነቱን ለመናገር ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ነው ያለቀው፤ የተለወጠው ጥቂት ፊደል ነበር። ብዙ የቆየችው በማስረዳቱ ላይ ነው። ለምን እንደተለወጠ፣ የትኛው ዓመት ላይ ተሞክሮ ምን እንደሰጠ ረጅም ጽሑፍ ጻፈች። "ኮዱን ማሽኑ ያነበዋል፤ ይህን ግን ሰው ነው የሚያነበው" አለችኝ።

ችግሩ መላኩ ነበር። በዚያ ሰሞን የእኛ አካባቢ ዳታ ተቋርጧል። የሱዳን ሲም ግን ድልድዩ አጠገብ ሲሆን አንዳንዴ ይይዛል፤ መተማ የሚኖር ሁሉ ይህን ያውቃል። ከእረፍቴ ቀናት በአንዱ ጠዋት አብሬያት ወረድኩ። ድልድዩ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፤ እሷ ዘንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ወዲያ ማዶ ገላባት ነው። ሰው አልጋና ፍራሽ በጋሪ እየጫነ ይሻገራል፤ ሕፃናት አሉ፤ አቧራና ጭቃ የተቀላቀለበት ልብስ። ኡስታዛ ስልኳን አግዳሚው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ኔትወርክ እስኪይዝ ትጠብቃለች፤ ዓይኗ ግን ማዶ ማዶውን ነው። የምትልከው ነገር የሚያልፈው በገዛ አገሯ የኔትወርክ ምሰሶ በኩል ነው፤ እሷ ግን ወደዚያ መሄድ አትችልም። ሻዩን ገፋ አደረግኩላት።

"ሄደ" አለች በድንገት። ጠጣችው።

መልስ የመጣው ከቀናት በኋላ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ነው። ያን የቀን መቁጠሪያ የሚጠብቀው ሰው ሩቅ አገር ያለ፣ ሁለታችንም በመልክ የማናውቀው ሰው ነው። አመሰገናት፤ ግን አላመናትም። "እኔ ዘንድ ያለው ምንጭ እንዲህ አይልም፤ ማስረጃ አምጪ" አላት። እኔ ተናደድኩ። እሷ ደስ አላት።

"እንዲህ መሆን አለበት እንጂ!" አለች። "ሁሉን ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው ቢሆን ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆም ነበር?"

ወደ አባቴ ተመለስን። ያለፉትን የሉቃስ ዓመታት እንዲቆጥሩላት ጠየቀቻቸው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ኋላ ሄዱ። በዚህኛው እኔ ተወለድኩ፤ በዚያኛው ወንዙ ሞልቶ ማሽላውን ወሰደው፤ ከዚያ በፊት ያለው እሳቸው ከደጋ የወረዱበት ነው። በሁሉም ላይ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ዋለች፤ ያስታውሷታል፤ ያን ተጨማሪ ቀን ጾም የያዙበትም ጠበል የወረዱበትም አለ። እሷ ዓመቶቹን ብቻ ያዘች፤ እያንዳንዷን ከፈረንጁ ቀን ጋር አስተያይታ ለፕሮግራሙ መፈተኛ አደረገቻት። ማንም ወደፊት ያን መስመር መልሶ ቢያበላሸው ወዲያው እንዲያስጠነቅቅ ነው አለችኝ። በአባቴ ትዝታ የታጠረ ደንብ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር። ተቀብያለሁ ይላል። በጣም አመሰግናለሁ፤ ይህን ስህተት ለዓመታት ይዤው ኖሬአለሁ ይላል። ኡስታዛ በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልጠየቅኳትም። ሻይ ሻጯ ግን በአረብኛ "ምን ሆነች?" ስትለኝ "ፈተና አለፈች" አልኳት፤ ሌላ የሚገልጽ ቃል አልመጣልኝም።

ጤና ጣቢያችን እርማቱ እስኪደርሰው ጊዜ ወሰደ። ኡስታዛ የእኛን ኮምፒውተር እራሷ ልትነካው አልፈለገችም፤ ባለቤቶቹ ወስደው ለሁሉም ማዳረስ አለባቸው እንጂ አንድ ጣቢያ ብቻውን ቢስተካከል ምን ይጠቅማል አለች። እስከዚያ እኔ ለእናቶች የቀጠሮ ቀን ስሰጥ ከኮምፒውተሩ አንድ ቀን እየቀነስኩ በካርዳቸው ላይ በእጄ ጻፍኩ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ተደግፎ ሒላ ሆኖ እንዲደርቅ በቆመበት ሰሞን ከዞን የመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ አዲሱን ጫነልን። የዚያችን የወሎዋን ልጅ ከፈትኩና ጳጉሜን አልኩ። ስድስት አለ። ነካሁት። ለእናትየዋ በስልክ ስነግራት "አላልኩሽም!" ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔ የተከራከርኳት ይመስል።

ኡስታዛ የሄደችው በበጋው ነው። ወንድሟ ሌላ አገር ተቀባይ ሆኖላቸው፣ እናቷን ይዛ በጎንደር በኩል ወጣች። አውቶቡሱ ዘንድ ስሸኛቸው እናቷ ጭንቅላቴን ይዘው መረቁኝ፤ እሷ ግን መሰነባበት አትወድም፤ የላፕቶፑን ቻርጀር ረስታ እንዳይሆን ሦስቴ ቦርሳዋን ከፍታ አየች። ከዚያ በኋላ በስልክ እንጻጻፋለን።

አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "ያቺን ቁራጭ አንድ ትልቅ ኩባንያ ለስልኮቹ ወስዷታል። ስልክሽን አድሺና እዪ።" ዳታ ተመልሶ ነበር። አደስኩት። ወደ ኋላ ሄጄ የዚያን ዓመት ጳጉሜን ከፈትኩና ስልኩን ይዤ አባቴ ዘንድ ሮጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

"ይህ በሁሉም ሰው ስልክ አለ?"

"ያን ስልክ በያዘ ሁሉ። አዲስ አበባም፣ ገለጉም፣ ውጭ አገርም።"

"ምን ሰጧት?"

"ምንም።"

"ስሟስ?"

ስልኩ ውስጥ ማንም የማያነበው ረጅም የሕግ ጽሑፍ አለ፤ የማን ሥራ ውስጡ እንዳለ የሚዘረዝር። እሷ ናት ቦታውን ያሳየችኝ። ጣቴ እስኪደክም ወደ ታች ወረድኩ። የሰው ስም፣ የድርጅት ስም፣ እንደገና የሰው ስም። ያን የቀን መቁጠሪያ አገኘሁት። የሚጠብቀው ሰውዬ ስም አለ፤ ከጎኑ "እና ሌሎች አበርካቾች" ይላል።

"'ሌሎች' ውስጥ ናት እንግዲህ" አሉ አባቴ። አልከፋቸውም። እኔ ግን ትንሽ ከፍቶኛል፤ ደብቄ አልጽፍም። ያን ያህል የሚያተርፍ ኩባንያ፣ በጦርነት መሀል ድልድይ አጠገብ ተቀምጣ ያቃናችለት ሴት መኖሯን እንኳ አያውቅም። ይህን ጻፍኩላት። "እኔም እኮ ከእኔ በፊት የነበሩትን ሁሉ አላውቃቸውም" ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወሬ ለውጣ የእናቷን ስኳር ነገረችኝ።

የእሷ ነገር ስላልለቀቀኝ እኔም አንድ ነገር ጀመርኩ። ኮድ መጻፍ አልችልም። ግን የመመዝገቢያው ፕሮግራም የአማርኛ ትርጉም ሲያናድደኝ ነው የኖረው። የወሊድ ቀን ማለት ሲገባው "የማድረሻ ቀን" ይላል፤ ልጅ የምናዋልድ ሳይሆን ዕቃ የምናደርስ ይመስል። ይህንንም ማንም ሰው ማረም እንደሚችል ኡስታዛ ነገረችኝና መንገዱን አሳየችኝ። መጀመሪያ የላክኋት ቃል ተቀባይነት ስታገኝ የተሰማኝን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም፤ ሥራ ባልደረቦቼ "ታዲያ ስንት ከፈሉሽ?" እያሉ ሳቁብኝ።

አሁን በትርፍ ጊዜዬ እተረጉማለሁ። የማላውቃት አንዲት የጎጃም አዋላጅ ደግሞ ሥራዬን ታያለች፤ ታርማለች፤ ትቆጣለች። "የእንግዴ ልጅ" ላይ ተስማምተናል። "ምጥ" ላይም ተስማምተናል። ከመውለድ በፊት በሚፈሰው "የሽርት ውሃ" ላይ ግን እስካሁን እየተከራከርን ነው፤ እሷ በእኛ አገር እንዲህ አንልም ትላለች፣ እኔ እዚህ የሚወልዱት ሴቶች ሁሉ የሚሉት እንዲህ ነው እላለሁ፤ ማናችንም የምንለቅ አይመስለኝም።